ከባሕር የወጣ መርከብ በሙዚየም ውስጥ በእርግጥ ይድናል ወይ? የቫሳ ጉዳይ

የሰሜን ነዋሪ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ስቶክሆልም የሚኖር ሰው ዘመድ በመጣበት ቁጥር ወደ ቫሳ ሙዚየም ይዞ መሄዱ የተለመደ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችሁ መርከቧን በዐይናችሁ እንዳያችኋት እገምታለሁ። ላላያችኋት በአጭሩ ላስረዳ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቫሳ የስዊድን ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር ጦርነት ላይ ሳለ ያሠራት ባለ 64 መድፍ የጦር መርከብ ናት። ኦገስት 10 ቀን 1628 የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀምራ 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች፣ ከስቶክሆልም ወደብ እንኳ ሳትወጣ ነፋስ አዘነበላት፤ ለሰላምታ ተኩስ ተከፍተው በነበሩት የታችኛው ረድፍ የመድፍ መስኮቶች ውኃ ገባባትና ሊሸኛት የወጣው ሕዝብ እያያት ሰጠመች። ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ከ333 ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1961፣ ከውኃው በላይ ብቅ አለች። ዛሬ በሙዚየሙ የምናየው አካሏ ከመቶ 98 እጁ የዚያው ዘመን እንጨት ነው።

ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚህ ነው። አስጎብኚው እንጨቱ በውስጡ አሲድ እየፈጠረ መሆኑን፣ ሙዚየሙም ይህን ለመግታት ያለ ዕረፍት እየሠራ መሆኑን ነገረን። ባሕሩ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የጠበቀውን ነገር አየሩ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የሚጎዳው ከሆነ፣ መርከቧን ማውጣት ማዳን ነበር ወይስ ጥፋቷን ማፋጠን? የኬሚስትሪም ሆነ የታሪክ ዕውቀት ያላችሁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

ባለ ቤተ ሙከራ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ከመነሻው ልጀምር።

መጀመሪያ እንጨቱ ለምን አልጠፋም የሚለውን እንመልከት። በአብዛኛው የዓለም ባሕር የሰጠመን እንጨት የሚጨርሰው የመርከብ ትል ነው፤ ስሙ ትል ይሁን እንጂ ዛጎል ካላቸው የባሕር እንስሳት የሚመደብ ነው። የባልቲክ ባሕር ውኃ ጨዋማነቱ አነስተኛ ስለሆነ ይህ እንስሳ ስቶክሆልም አካባቢ ሊኖር አይችልም። በዚያ ላይ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ የከተማው ፍሳሽም ለዘመናት ወደ ወደቡ ሲወርድ ስለኖረ በታችኛው ውኃ ውስጥ ኦክስጅን ጠፍቶ ነበር። ኦክስጅን በሌለበት ደግሞ እንጨት የሚያበሰብሱ ሕያዋን አብዛኞቹ አይሠሩም። ስለዚህ ቫሳን ከጠበቋት ነገሮች አንዱ የከተማው ቆሻሻ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም ያው ቆሻሻ ዕዳውን አብሮ አስቀምጧል። ኦክስጅን በሌለበት ውኃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለውን፣ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ይሠራሉ። ይህ ጋዝ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ በድኝ መልክ ተከማቸ። በሌላ በኩል መርከቧን አያይዘው የነበሩት በሺዎች የሚቆጠሩ የብረት ብሎኖች ዝገው አለቁ፤ ዝገቱም እንጨቱን ዘልቆ ገባ። ድኙና ብረቱ ከባሕር በታች ሳሉ ተኝተው ነበር። መርከቧ ስትወጣ ኦክስጅን አገኙ፤ ድኙ ቀስ በቀስ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጥ ጀመር፤ ብረቱም ሂደቱን ያፋጥነዋል።

ነገሩ ጎልቶ የታየው በ2000 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዝናባማ በጋ በእርጥብ ልብስ የገባው ጎብኚ በዝቶ የአዳራሹ የአየር እርጥበት ከፍ አለ፤ ከዚያም በእንጨቱና በዕቃዎቹ ላይ ነጭና ቢጫ ዱቄት ብቅ ብቅ አለ። በ2002 የታተመ ጥናት በመርከቧ አካል ውስጥ 2 ቶን ያህል ድኝ እንዳለ ገመተ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቀው ኦክሳሊክ አሲድ የተባለ ሌላ አሲድ አግኝተዋል፤ የእንጨቱ ውስጠኛ ክፍል ከላዩ ይበልጥ ጥንካሬውን ማጣቱንም አሳይተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዱቄቱ ይልቅ ይህ ነው፤ ዱቄቱ ከላይ ይታያል፣ ይጠረጋል፤ የውስጡ መዳከም ግን በዐይን አይታይም።

የሰሜን ነዋሪ

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከባሕር እንደወጣች ለምን ዝም ብለው አላደረቋትም? ሰም የሚመስል ነገር እንደተረጨባት ሰምቻለሁ።

ባለ ቤተ ሙከራ

ዝም ብለው ቢያደርቋት ኖሮ ዛሬ የምናያት መርከብ አትኖርም ነበር። ውኃ የጠገበ አሮጌ እንጨት ውስጣዊ ግድግዳው በባክቴሪያ ተበልቶ ስለሚሳሳ፣ ቅርጹን ይዞ የሚያቆመው ውስጡ የሞላው ውኃ ነው። ውኃው ሲተን እንጨቱ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ውኃውን ቀስ በቀስ የሚተካ ነገር ያስፈልጋል፤ የተመረጠውም ፖሊኢቲሊን ግላይኮል፣ በአጭሩ ፔግ፣ የተባለው በውኃ የሚሟሟ ኬሚካል ነው። ከ1962 እስከ 1979 ድረስ፣ ለ17 ዓመት፣ መርከቧ በጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ ሆና ይህ ፈሳሽ ሲረጭባት ኖረ፤ ከዚያም ዓመታት የፈጀ ማድረቅ ተከተለ። ዛሬ ያለችበት ሙዚየም ለሕዝብ የተከፈተው በ1990 ነው።

ይህን ያህል ግዙፍ ነገር በዚህ ዘዴ የጠበቀ ከዚያ በፊት አልነበረምና ሥራውን እየሠሩ ነው የተማሩት። በ1960ዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተደረገ ነገር ዛሬ ባለን ዕውቀት መፍረድ ቀላል ነው።

ተጠራጣሪው

ለባለ ቤተ ሙከራ ማብራሪያ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ከማብራሪያው የማገኘው መደምደሚያ ከእርሳቸው ይለያል። እንጨቱ ከባሕር በታች ሳለ ድኙም ብረቱም ተኝተው ነበር ብለዋል። እንግዲያው የቀሰቀሳቸው ማን ነው? በአንድ አገር ክብር ስም አንድን ቅርስ ከተኛበት አንሥቶ፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ትውልዶች ሁሉ የማያልቅ የጥገና ሸክም ማውረስ ጥበብ ነው ብዬ አላምንም።

የዓለም አስተሳሰብም ወደዚህ መጥቷል። ዩኔስኮ በ2001 ያጸደቀውና በ2009 በሥራ ላይ የዋለው፣ በውኃ ውስጥ ያለ ባህላዊ ቅርስን የሚመለከተው ስምምነት ከምንም በፊት ቅርሱን ባለበት ቦታ መጠበቅ መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። ስዊድናውያኑ ራሳቸው ከቫሳ ትምህርት ሳይወስዱ አልቀሩም። የቫሳ እኅት መርከብ የሆነችው፣ በ1629 የተሠራችው ኤፕሌት፣ ከቫክስሆልም አጠገብ ከባሕር በታች ተገኝታ ማንነቷ በ2022 ሲረጋገጥ፣ ትውጣ ብሎ የተነሣ ባለሥልጣን አልሰማሁም። ጠላቂዎች ወርደው ለኩ፣ ፎቶ አነሡ፣ ከእንጨቱ ናሙና ወሰዱ፤ መርከቧ ግን እዚያው ናት።

ሰነድ አገላባጭ

ተጠራጣሪው ያነሡት ነጥብ ክብደት አለው፤ ነገር ግን ቫሳ በመውጣቷ ምን እንዳወቅን ሳንቆጥር ሒሳቡን መዝጋት አይገባም። እኔ በበኩሌ ከመርከቧ ግዝፈት ይልቅ ውስጧ የተገኙት ዕቃዎች ይማርኩኛል፤ ቁጥራቸው ከ40,000 በላይ ነው። ጎብኚው በአብዛኛው ቀና ብሎ የኋላዋን ቅርጻ ቅርጽ ሲያይ ይውላል እንጂ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ነገሮች ሳያይ ያልፋል።

ከእነዚህ አንዱ የአናጢዎች መለኪያ ነው። በመርከቧ ውስጥ አራት መለኪያዎች ተገኝተዋል፤ ሁለቱ በስዊድን ጫማ፣ ሁለቱ በአምስተርዳም ጫማ የተከፋፈሉ ናቸው። የስዊድኑ ጫማ 12 ኢንች ሲሆን የአምስተርዳሙ 11 ኢንች ነበረ፤ ርዝመታቸውም እኩል አይደለም። በመርከብ ሥራው ቦታ የስዊድንና የሆላንድ ሠራተኞች ጎን ለጎን እንደሚሠሩ ይታወቃል፤ የሥራው ኃላፊ ሄንሪክ ሂበርትሶን ራሱ ሆላንዳዊ ነበር። እነዚህ መለኪያዎች ሲገኙ የመርከቧ ግራና ቀኝ እኩል አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ መንገድ ተከፈተ። መርከቧ የሰጠመችው በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ ዘገባዎች ግን ያጋንናሉ። ዋናው ምክንያት ከውኃ በላይ ያለው አካሏ፣ ሁለት ረድፍ ከባድ መድፍ ጨምሮ፣ ከውኃ በታች ላለው ክፍሏ እጅግ መክበዱ ነው። ይህንንም ሰዎቹ ከመነሣቷ በፊት አይተውት ነበር፦ 30 ሰዎች ከዳር እስከ ዳር እንዲሮጡባት ተደርጎ፣ ከሦስተኛው ዙር በኋላ መርከቧ ልትገለበጥ የደረሰች ስለመሰለ ምክትል አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ አስቆማቸው። ንጉሡ በፕሩሲያ ሆኖ ቶሎ ትነሣ እያለ ይጽፍ ነበርና ለማን ይነገር? ከመስጠሟ በኋላ ምርመራ ተደረገ፤ ሂበርትሶን በ1627 ሞቶ ነበር፤ የመርከቧን ልክ ያጸደቀው ንጉሡ ራሱ ነበር፤ በመጨረሻ ማንም አልተቀጣም።

ሌላው ሸራዎቹ ናቸው። መርከቧ ከነበሯት ዐሥር ሸራዎች የተሰቀሉት አራቱ ብቻ ነበሩ፤ ስድስቱ ታጥፈው በመጋዘን ተቀምጠው ተገኙ። ጨርቁ ከመሳሳቱ የተነሣ በፈሳሽ ውስጥ እንጂ በአየር ላይ ሊዘረጋ አይችልም ነበር፤ ታጥቦ፣ ተዘርግቶ፣ በሚያሳልፍ የመስታወት ክር ጨርቅ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ረጅም ዓመታት ፈጅቷል። ከዚያ ዘመን በዚህ ሁኔታ የተረፈ የመርከብ ሸራ በየትም የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተጠራጣሪው

ሰነድ አገላባጭ የጠቀሷቸው መለኪያዎችም ሆኑ ሸራዎች በጠላቂ እጅ ሊወጡ የሚችሉ ዕቃዎች ናቸው። በ1660ዎቹ እንኳ በመጥለቂያ ደወል (አየር በውስጡ ይዞ ወደ ውኃ በሚወርድ፣ ደወል በሚመስል መሣሪያ) የወረዱ ሰዎች ከ50 በላይ የሆኑትን የነሐስ መድፎች አውጥተዋል፤ ያኔ ያለ መብራት፣ ያለ አየር ጋን ማለት ነው። ዕቃዎቹን ማውጣትና አካሏን ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኔ ተቃውሞ አካሏን ማውጣትን ብቻ የሚመለከት ነው።

ሰነድ አገላባጭ

ልዩነቱን ግልጽ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ይሁንና የግራና የቀኝ ጎኗ አለመመጣጠን ሊለካ የቻለው አካሏ በደረቅ መሬት ስለቆመች ነው። ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የመርከብ ሆድ፣ ያውም እጅ ዘርግቶ የራስን ጣት ማየት በማይቻልበት የስቶክሆልም ወደብ ውኃ ውስጥ፣ በሴንቲሜትር ልዩነት የሚለካ ጠላቂ በ1950ዎቹ አልነበረም። መርከቧን በ1956 ያገኛት አንደርሽ ፍራንዜን እንኳ በዐይኑ ሳይሆን በገመድ በሚወርድ ናሙና መቁረጫ የጠቆረ የኦክ እንጨት ቁራጭ በማውጣት ነው ያረጋገጠው።

ስለ ሰዎቹም ልጨምር። በመርከቧ ውስጥ የተገኙት አጽሞች በፊደል ተሰይመዋል። ጂ የተባለው አጽም ለረጅም ጊዜ ወንድ ነው ተብሎ ሲቀርብ ቆይቶ፣ በ2023 በዘረመል ምርመራ ሴት መሆኗ ታወቀ። ይህ የሚያሳየን በሙዚየም እጅ ያለ ነገር የምርመራው ዘዴ ባደገ ቁጥር አዲስ መልስ እንደሚሰጥ ነው።

የፖርትስመዝ ታዛቢ

የእንግሊዟን ሜሪ ሮዝም ማንሣት ይጠቅማል። በ1545 ሰጥማ በ1982 ወጣች፤ ከእርሷ ጋር 19,000 ያህል ዕቃዎች ተገኙ፤ ከእነርሱም መካከል ከመቶ በላይ ያልተሰበሩ ረጃጅም ቀስቶችና የመርከቡ ሐኪም የመሣሪያ ሣጥን ይገኙበታል። ከቫሳ የምትለየው አካሏ ግማሽ ያህሉ ብቻ በመትረፉ ነው፤ ጭቃ የሸፈነው ጎን ቀረ፣ ያልሸፈነው ተበላ። እርሷም እስከ 2013 ድረስ በፔግ ስትረጭ ነበረች፤ በእንጨቷ ውስጥም ድኝና ብረት አለ። ስለዚህ የአሲዱ ጉዳይ ከባሕር የወጡ ትልልቅ የእንጨት መርከቦች ሁሉ የጋራ ችግር እንጂ የስዊድን ስሕተት ብቻ አይደለም።

የአዱሊስ መንገድ

ውይይቱን በጽሞና ስከታተል ቆይቼ አንድ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ተመላለሰ፦ የእኛ ቫሳ የት አለች? የአክሱም መንግሥት በአዱሊስ በኩል ከሮም ግዛትና ከሕንድ ጋር ይነግድ እንደነበር፣ ዐፄ ካሌብም በ525 ገደማ ሠራዊታቸውን በመርከብ አሻግረው የመን እንደዘመቱ እናውቃለን። ታዲያ ከእነዚያ መርከቦች አንዲት ሳንቃ እንኳ በሙዚየም የማናየው ለምንድን ነው?

መልሱ ባለ ቤተ ሙከራ ከተናገሩት ጋር ይገናኛል ብዬ አምናለሁ። ቀይ ባሕር ሞቃትና እጅግ ጨዋማ በመሆኑ የመርከብ ትሉ ገነት ነው፤ እንጨቱን ይጨርሰዋል፤ የሚቀረው ሸክላው ነው። በዛሬዋ ኤርትራ የባሕር ክልል፣ በጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ፣ በ1990ዎቹ የተቆፈረው የሰጠመ መርከብ ቅሪት የዚህ ምስክር ነው። በስፍራው በብዛት የተገኙት ወደ ታች እየቀጠኑ የሚሄዱ የሸክላ እንስራዎች ናቸው፤ ዓይነታቸው ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ ባለችው በአቃባ ከሚሠሩት ጋር አንድ ሲሆን፣ ተመሳሳዮቻቸው በአክሱም ከተማም ተገኝተዋል። አንድ ሰው በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ያን እንስራ ቢያይ ተራ ዕቃ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ከአቃባ እስከ አክሱም ያለውን የባሕርና የየብስ መንገድ በአንድ ላይ የሚያሳይ ዕቃ እርሱ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የስድስተኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በዚያ ባሕር የሚሄዱ ጀልባዎች በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን ጽፏል። እንዲህ ያለ መርከብ ሳይበላ ተርፎ ቢገኝ ኖሮ ባለ ቤተ ሙከራ ከብረት ዝገት ጋር የሚታገሉበት ምክንያት አይኖርም ነበር ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ባለ ቤተ ሙከራ

የአዱሊስ መንገድ፣ በገመድ የተሰፋ መርከብ ቢገኝ በእርግጥ ከአንዱ ራስ ምታት እገላገላለሁ፤ ገመዱን ለማዳን ግን ሌላ ዕድሜ ያስፈልገኛል። ስለ እንስራውም የጠቀሱት ትክክል ነው፤ ሸክላ ከባሕር ሲወጣ የሚጠይቀው ጨዉ ተጣርቶ እስኪወጣ በንጹሕ ውኃ መዘፍዘፍ ነው። ጨዉ ውስጡ እንዳለ ከደረቀ ይቆረፍድና ላዩን ይልጠዋል። ከእንጨት ጋር ሲወዳደር ግን ቀላል ነው።

ወደ ተጠራጣሪው ልመለስ። ያለበት ይቆይ የሚለው መርሕ ለኤፕሌት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ለቫሳ ግን ያለችበት ቦታ ራሱ ጸጥ ያለ አልነበረም፤ በሥራ ላይ ባለ ትልቅ ወደብ መካከል ነበረች፤ መልሕቅ ይጣልባታል፣ የግንባታ ፍርስራሽም ይደፋባት ነበር። እዚያው ብትቀር ሳትነካ ትኖር ነበር የሚለው ግምት እርግጠኛ አይደለም። ደግሞም ወደቡ እየጸዳ ኦክስጅን ሲመለስ እንጨቱን የሚበሉትም አብረው ይመለሳሉ።

የሰሜን ነዋሪ

ከሁላችሁም ብዙ ተምሬአለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ላቅርብ፦ በአሁኑ ጊዜ ሙዚየሙ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጎብኚስ ሄዶ ሲያይ ከዚህ ሁሉ ሥራ ምኑን በዐይኑ ሊያገኝ ይችላል?

ባለ ቤተ ሙከራ

የመጀመሪያው አየሩ ነው። ከ2004 ጀምሮ በአዳራሹ አዲስ የአየር መቆጣጠሪያ ተተክሎ እርጥበቱ ከ50 በመቶ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሙቀቱም 18 ወይም 19 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ይደረጋል። አዳራሹ ቀዝቀዝና ጨለም ያለው ለዚህ ነው፤ ሹራብ ይዛችሁ ግቡ። ሁለተኛው ብሎኖቹ ናቸው። በ1960ዎቹ የጠፉትን ለመተካት የገቡት ከ5,000 በላይ የብረት ብሎኖች እነርሱም መዛግ በመጀመራቸው፣ ከ2011 እስከ 2018 ባለው ጊዜ አንድ በአንድ ተነቅለው በማይዝግ ብረት ተተክተዋል። ከጎኗ ቆማችሁ ሳንቃዎቹን ብታስተውሉ የአዲሶቹን ራስ ታያላችሁ። በየጊዜው የመርከቧ ቅርጽ በሌዘር መሣሪያ ይለካል፤ በራሷ ክብደት በዓመት በሚሊሜትር የሚቆጠር መዛነፍ እያሳየች ነውና።

ሦስተኛውና አሁን ዋናው ሥራ የምትቀመጥበት ድጋፍ ነው። ከታች የሚታዩት የብረት ቋሚዎች የተሠሩት በ1960ዎቹ ሲሆን፣ ክብደቷን በጥቂት ቦታዎች ላይ ስለሚያሳርፉ ውስጡ የደከመውን እንጨት ይጫኑታል። ሙዚየሙ በእነርሱ ምትክ ክብደቱን በሰፊው የሚያከፋፍል፣ ከውጭም ከውስጥም የሚይዝ አዲስ የብረት ድጋፍ ለመሥራት ተነሥቷል። በሚቀጥለው ጉብኝትዎ ከቅርጻ ቅርጹ በፊት ወደ ታች ይመልከቱ፤ ሥራው የሚካሄደው እዚያ ነው።